የቨርጂኒያን የትምባሆ ባለርስት የዘር ሐረግ ለማጥናት፦ ከየትኛው መዝገብ ይጀመር?

ሄርንደን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍራይንግ ፓን የሚባል የእርሻ መናፈሻ አለ። ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ ልጆቹን ላምና አሳማ ለማሳየት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይወስዳቸው አልቀረም። እኔም ወስጄ ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ «ይሄ ሁሉ መሬት ድሮ የማን ነበር?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

መሬቱን ወደ ኋላ ስከተል ካርተር የሚባል ቤተሰብ ላይ ደረስኩ። በ1728 ገደማ እዚያ አካባቢ መዳብ አለ ብለው ማዕድን ሊያስቆፍሩ ኩባንያ ያቋቋሙ የትምባሆ እርሻ ጌቶች ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የቤተሰቡ ራስ ሮበርት ካርተር፣ ከሀብቱ ብዛት የተነሣ «ኪንግ» ማለትም ንጉሥ ካርተር የተባለው ሰው ነው። በኦገስት 1732 ሲሞት አንድ የለንደን መጽሔት 300,000 ኤከር መሬት፣ ከ1,000 በላይ ባሪያዎችና 10,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ትቶ እንደሄደ ጻፈ። መሬቱ በእኛ ልኬት ከ120,000 ሄክታር ይበልጣል።

ይህን ለጎረቤቴ አጫወትኳቸው። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ ሰባ አልፏቸዋል፤ «እማማ» እላቸዋለሁ፣ ቃሉንም ለምደውታል። ዝም ብለው ሰሙኝና «የኔም ሰዎች ከዚያ ወገን ናቸው። ለልጅህ ስትፈልግ ለኔም ፈልግልኝ» አሉኝ። ሁለታችንም ስለ አንድ ቤተሰብ ነበር የምንጠይቀው። የሚያስፈልጉን መዝገቦች ግን አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ ከብዙ ወራት ልፋት በኋላ ነው። ልጄ ማን ከማን እንደተወለደና መሬቱ ለማን እንደደረሰ ነበር ማወቅ የፈለገው፤ እማማ ደግሞ ጌትየው ማንን ይዞ እንደነበረ። ከታች የማወዳድራቸውን መንገዶች በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መዝኗቸው።

ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሐረግ

ኢንተርኔት ላይ የካርተርን ስም ብትጽፉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እስከ እንግሊዝ ነገሥታት የሚወጣ ሐረግ ይቀርብላችኋል። ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የተዘጋጀ ሐረግ የሌላ ሰው መደምደሚያ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላው ገልብጦ ነው።

ሦስቱን ታዋቂ ቦታዎች ላወዳድር። ፋሚሊሰርች የሞርሞኖች ቤተክርስቲያን የሚያስተዳድረው ነው፣ መለያ ስም ከማውጣት በቀር ምንም አይጠይቅም። ሐረጉ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ማንም ገብቶ ይለውጠዋል፣ ዛሬ ያስተካከላችሁትን ነገ ሌላ ሰው ያፈርሰዋል። አንሴስትሪ በክፍያ ነው። እዚያ እያንዳንዱ የራሱን ሐረግ ይሠራል፣ ድረ ገጹ ደግሞ የአንዱን ለሌላው እንደ ፍንጭ ስለሚያቀርብ አንድ ስሕተት በአንድ ዓመት ውስጥ ሺህ ቦታ ይባዛል። ሺህ ሰው የተስማማበት ይመስላችኋል እንጂ የተሳሳተው አንድ ሰው ነው። ዊኪትሪ እንደ ፋሚሊሰርች ነጻና የጋራ ነው፤ ልዩነቱ ከ1700 በፊት የተወለዱትን ሰዎች ገጽ ለመንካት አጭር ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ለቅኝ ግዛት ዘመን ሰው ከሦስቱ ዊኪትሪን እመርጣለሁ። አንሴስትሪን ለሐረጉ ብላችሁ አትክፈሉበት። መዝገቦቹን ለማየት ካስፈለጋችሁም አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይከፍቱላችኋልና መጀመሪያ የሰፈራችሁን ጠይቁ።

የተዘጋጀን ሐረግ የምመረምርበት ዘዴ አለኝ፤ ባልየውን ትቼ ሚስቶቹን አያለሁ። ኪንግ ካርተር ሁለት ጊዜ አግብቷል። በ1688 ጁዲት አርምስቴድን አገባ፣ እሷ በ1699 ስትሞት ኤልዛቤት ላንደንን። የበኩር ልጁ ጆን ከመጀመሪያዋ ነው፤ ቻርልስና ላንደን ከሁለተኛዋ። ላንደን የሚለው የልጅ ስም የእናቱ ቤተሰብ ስም መሆኑን አስተውሉ። የቨርጂኒያ ባለርስቶች የእናትን ወገን ስም ለልጅ መጠሪያ ማድረግ ይወዱ ነበር፤ የጠፋች ሚስትን ወገን ለመፈለግ ይህን የሚያህል ፍንጭ የለም። ልጆቹን ሁሉ ለአንዲት እናት የሰጠ ሐረግ ካገኛችሁ ዝጉትና ሂዱ።

ሌላው ወጥመድ የስም መደጋገም ነው። እኛ ዘንድ የሰውዬውን ሦስት ስም የነገረህ አያቱን ጭምር ነግሮሃል። እዚያ ሮበርት ካርተር ያለህ ሰው ግን ገና ምንም አልነገረህም። ኪንግ ሮበርት አለ። ልጁ ሮበርት አለ፤ እሱም እንደ አባቱ በ1732 ነው የሞተው። የዚህ ልጅ የሆነው ሌላው ሮበርት ከ1728 እስከ 1804 የኖረው የኖሚኒ ሆሉ ነው። የላንደን ልጅ የሳባይን ሆሉ ደግሞ ሮበርት ዎርምሊ ካርተር ነው። ዘመዶቻቸው ራሳቸው ሰውየውን ከእርሻው ስም ጋር አያይዘው የሚጠሩት ወደው አይደለም። እናንተም ማስታወሻችሁ ላይ ከስም አጠገብ የእርሻውን ስም ጻፉ።

የታተሙ የቤተሰብ ታሪኮች

በ1800ዎቹ መጨረሻና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ስለ ቨርጂኒያ ታላላቅ ቤተሰቦች ብዙ ተጽፏል። የታሪክ ማኅበራት መጽሔቶች ዋና ሰነዶችን ቃል በቃል አትመዋልና ለዚያ ተጠቀሙባቸው፤ የኪንግ ካርተር ኑዛዜ ራሱ እንዲህ ታትሟል። በቤተሰብ ገንዘብ የተጻፉትን ግን በጥርጣሬ አንብቡ። በዚያ ዘመን ጉስታቭ አንጁ የሚባል ሰው ለሀብታሞች ሐረግ እየፈጠረ በመሸጥ ይኖር ነበር፣ የእሱ ፈጠራ ዛሬም ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ይዞራል። መጽሐፉ አጥብቆ የሚያወራው ስለ ጋሻና ዓርማ ከሆነ፣ ጸሐፊው ማንን ለማስደሰት እንደጻፈ ታውቃላችሁ።

የካውንቲ ፍርድ ቤት መዝገብ፦ እኔ የምጀምርበት

የቅኝ ግዛት ቨርጂኒያ የልደትና የሞት ምዝገባን እንደ መንግሥት ሥራ አልያዘውም፤ ያ የመጣው በ1853 ነው። ንብረትን ግን እየተከታተለ መዝግቧል። ስለዚህ የአንድን ባለርስት ቤተሰብ በንብረቱ በኩል ነው የምታገኙት። ካርተር የኖረበት የላንካስተር ካውንቲ (ካውንቲ እንደኛ ወረዳ ያለ ነው) መዝገብ ከ1652 ጀምሮ ተርፏል፤ ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የካውንቲዎቹን መዝገብ በማይክሮፊልም ይዟል፣ ፋሚሊሰርችም ብዙውን በምስል አቅርቧል። አንዳንዱ ምስል ከቤት አይከፈትም፤ የፋሚሊሰርች ማእከል ወይም ተባባሪ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መሄድ ይጠይቃል።

ከመዝገቦቹ መካከል ኑዛዜና የሟች ንብረት ዝርዝር ሁለቱ ዋናዎች ናቸው። ሰው ሁሉ ወደ ኑዛዜው ነው የሚሮጠው። እኔም ሮጬ ነበር። የካርተር ኑዛዜ በ1726 ተጽፎ በኋላ የተጨመረበት ረጅም ሰነድ ነው፣ ልጅና የልጅ ልጅ በስም ይጠራል፣ መሬቱን በየስሙ ያከፋፍላል። ዝምድናን ለማረጋገጥ ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን ኑዛዜ የሰውየውን ፈቃድ ነው የሚናገረው። ድርሻውን አባቱ በሕይወት ሳለ የተቀበለ ልጅ ጭራሽ ላይጠቀስ ይችላል፤ ያገባች ሴት ልጅ እንዲሁ። ሟቹ ሳይናዘዝ ከሞተ ደግሞ መሬቱ በሕጉ ለበኩር ልጅ ያልፍ ነበር፤ ቨርጂኒያ ይህን ሕግ ያነሣችው ከነጻነቱ በኋላ በ1785 ነው። ስለዚህ «ኑዛዜው ላይ ስሙ የለም፣ ልጁ አይደለም» ብሎ መደምደም አይቻልም።

የንብረት ዝርዝሩ ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ ጎረቤቶችን መርጦ ያስምላል። እነሱም ቤቱን እየዞሩ ያዩትን ሁሉ ይጽፋሉ፦ አልጋ፣ ድስት፣ መጻሕፍት፣ ፈረስ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ሰው። ሰው ያልኩት ሳላስብበት አይደለም፤ ከላም መንጋው በላይ ወይም በታች፣ በስሙ፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው አጠገቡ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ገማቾቹ ለማንም ታሪክ ለመጻፍ አልተቀመጡም፣ ሥራውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው መሄድ ነው የሚፈልጉት። እምነቴ በዝርዝሩ ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። የካርተር ዝርዝር በ1733 የተሠራ ሲሆን በየእርሻው ክፍል ተከፋፍሎ የተጻፈ ነው፤ በባርነት የተያዙት ሰዎች በስም ተዘርዝረው ባል፣ ሚስትና ልጅ ተቀራርበው ይገኛሉ። እማማን መጀመሪያ ያሳየኋቸው ይህን ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ዕድሜያቸውን አንብብልኝ» አሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቨርጂኒያ ንብረት ዝርዝር መሬትን አይጨምርም። ዝርዝሩን ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ሀብታም አልነበረም» የሚል ሰው የሀብቱን ትልቁን ክፍል ሳያይ ነው የፈረደው። ኑዛዜው መሬቱን ይነግራችኋል፣ ዝርዝሩ ቤቱንና ሰዉን። አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ልጄ የጠየቀውን ለሚጠይቅ ኑዛዜው ይበልጣል፣ እማማ የጠየቁትን ለሚጠይቅ ዝርዝሩ።

የችሎት መዝገብ ደግሞ አለ፤ ፍርድ ቤቱ በየወሩ የወሰነውን የያዘ፣ አሰልቺ፣ ማውጫው የማይታመን። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚያድናችሁ እሱ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ሞግዚቱን ራሱ ይመርጥ ነበር፤ ያ ቀን ከተመዘገበ የልደት ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ትገምታላችሁ። ከአፍሪካ የመጡ ሕፃናትም ለግብር ሲባል ዳኞች ፊት ቀርበው ዕድሜያቸው በግምት ይወሰን ነበር፤ ያም እዚሁ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ቃላቱ ያታልላሉ። «ኦርፋን» ተብሎ የተጻፈ ልጅ እናቱ በሕይወት ልትኖር ትችላለች፤ ቃሉ አባት የሌለው ማለት ነበር። «ሰን ኢን ሎው» ዛሬ አማች ነው፣ ያኔ ብዙ ጊዜ የእንጀራ ልጅ ነው። «ከዝን» የወንድም ልጅን ሊጨምር ይችላል። «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» የተባሉት ሁለት ሰዎች አባትና ልጅ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ሰፈር አንድ ስም ያላቸው ታላቅና ታናሽ ሰዎች እንዲሁ ይባሉ ነበር፣ ታላቁ ሲሞት ደግሞ ታናሹ «ሲኒየር» ይሆናል። የአጎታችንን ልጅ «ወንድሜ» ብለን የምናስተዋውቅ ሰዎች ይህ ብዙም አይገርመን።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ የድሮውን የዩልዮስ አቆጣጠር ይጠቀሙ ነበር፤ አዲስ ዓመታቸውም ማርች 25 ነበር። በኤፕሪል 1700 የተጋቡ ባልና ሚስት በጃንዋሪ 1700 ልጅ ወለዱ የሚል ብታነቡ ነውር የለም፤ ያ ጃንዋሪ ከኤፕሪሉ በኋላ የመጣ ነው። በ1752 አቆጣጠሩን ሲቀይሩ ከሴፕቴምበር 2 ተነሥተው በማግስቱ ሴፕቴምበር 14 አሉ። ሁለት አቆጣጠር ይዞ የሚኖር አበሻ እዚህ ላይ ከአሜሪካዊው ይቀድማል፤ እኛ «በማን አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ የለመደብን ሕዝብ ነን።

የእጅ ጽሑፉን ማንበብ ከሁሉ ይከብድ ነበር። በ2024 ፋሚሊሰርች በኮምፒዩተር የተነበቡ የአሜሪካ የመሬትና የውርስ መዝገቦችን በቃል መፈለግ የሚያስችል አገልግሎት ከፍቷል። በኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከዚያ ወዲህና ከዚያ በፊት የሚባል ነገር አለ። በድሮው ማውጫ የሚገኘው የሟቹ ስም ብቻ ነበር፤ አሁን ገጹ መካከል የተጠቀሰ ምስክር፣ ጎረቤት፣ ባሪያም ይወጣል። ማሽኑ በእርግጥ ይሳሳታል፤ የድሮውን ረጅም «ኤስ» «ኤፍ» ነው ብሎ ያነባል። ስም እምቢ ካላችሁ የእርሻውን ስም፣ ለምሳሌ የካርተርን ኮሮቶማን፣ በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ።

መሬቱን መከተል

ለልጄ ጥያቄ መልሱ ያለው የመሬት ስጦታ መዝገብ ላይ ነው። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ሁሉንም በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል። ይሁንና ሁለት የተለያዩ ስብስቦች ናቸው፣ ሰው አንዱን ፈልጎ አጣሁ ብሎ ይመለሳል። አብዛኛው ቨርጂኒያ መሬት የሚሰጠው በንጉሡ ስም ነበር። በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለው፣ ኖርዘርን ኔክ የሚባለው አገር ግን የግል ርስት ነበር፤ የካልፔፐር፣ ኋላም የፌርፋክስ ቤተሰብ። የዛሬው ፌርፋክስ፣ ላውደን፣ ፕሪንስ ዊልያም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ አበሻ የሚኖርበት ሰሜን ቨርጂኒያ ማለት ነው። እዚያ የነበረ ሰው የሚፈለገው በኖርዘርን ኔክ መዝገብ ነው። በ1704 የተሠራው የመሬት ግብር ዝርዝርም ብዙ ጊዜ እንደ ቆጠራ ይጠቀሳል፣ ግን የኖርዘርን ኔክን ካውንቲዎች አይጨምርም፤ ግብራቸውን ለንጉሡ ሳይሆን ለርስቱ ባለቤት ስለሚከፍሉ። ካርተርን እዚያ ፈልጎ ያጣ «የለም» ማለት አይችልም።

ለምን ያን ያህል መሬት እንደያዘም እዚሁ ይገባችኋል። ካርተር ራሱ በሁለት ዘመን፣ ከ1702 እስከ 1711 እና ከ1722 እስከ ሞቱ፣ የፌርፋክሶች ወኪል ነበር፤ መሬት የሚሰጠው እሱ ነው። ለማን ሰጠ? ለልጆቹ፣ ለአማቾቹ፣ ለልጅ ልጆቹ። መዝገቡ ላይ ባለመሬት ሆኖ የሚታየው ሰው ሕፃን ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ስሙን አይታችሁ ዐዋቂ ነው ብላችሁ ዕድሜ አትገምቱለት። እንግሊዝ ያለው ሎርድ ፌርፋክስ ያን የሞት ዜና መጽሔት ላይ አንብቦ ወኪሉ ከጌታው የበለጠ ሀብታም መሆኑን ሲያይ ደነገጠና የርስቱን አስተዳደር ለዘመዱ አስረከበ ይባላል። ወኪል ሾሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ አይረሳውም።

በንጉሡ በኩል በተሰጡት ላይ የሚገኝ ሌላ ነገር፦ ወደ ቅኝ ግዛቱ አንድ ሰው ላመጣ ለእያንዳንዱ ራስ 50 ኤከር ይሰጥ ነበር፣ የመጡትም በስም ተዘርዝረዋል። መብቱ ግን ይሸጥ ይለወጥ ስለነበር የዝርዝሩ ዓመት ሰውየው የመጣበት ዓመት ነው ብላችሁ አትያዙት።

ቤተክርስቲያንና መቃብር

የሰበካ መዝገብ ከተረፈ ወርቅ ነው፤ የተረፈው ግን ጥቂት ነው። ከራፓሃኖክ ማዶ ያለው የሚድልሴክስ ካውንቲ ክራይስት ቸርች መዝገብ ከ1653 እስከ 1812 ይሄዳል፣ ታትሟልም። ካርተር ያሠራው የላንካስተሩ ክራይስት ቸርች ሕንፃው ዛሬም ቆሞአል፤ አሠሪው ራሱ ሲያልቅ ሳያየው በ1735 የተፈጸመ ነው። የእሱና የሁለቱ ሚስቶቹ መቃብር ከውጭ አለ፣ የአባቱ የጆን ካርተርና የሚስቶቹ ድንጋይ ከውስጥ። መቃብር ላይ «ኮንሶርት» የተባለች ባሏን ቀድማ የሞተች፣ «ሪሊክት» የተባለች ባሏ የሞተባት ናት። የድንጋዩን ፎቶ ካገኛችሁ እሱን እመኑ፤ ከፎቶው በታች ሰው የጻፈውን የቤተሰብ ታሪክ ግን እንደማንኛውም የተዘጋጀ ሐረግ ቁጠሩት።

ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች

ለጥቂት ባለርስቶች ብቻ የሚሠራ መንገድ ነው። የካርተር ደብዳቤዎችና የቀን ማስታወሻው ተርፈዋል፣ ተገልብጠውም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባሉ። ሰውየውን ለማወቅ ይጠቅማሉ። ሐረግ ለመሥራት ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ናቸው፣ ምክንያቱም ጸሐፊው የሚያውቀውን ዘመድ ማንነቱን ሳይነግራችሁ ነው የሚያወራለት።

የእማማ መንገድ

በባርነት የነበሩ ሰዎችን ለሚፈልግ መንገዱ ከዛሬ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ከካርተር ወደ ፊት አይደለም። ነጻ የወጡት ሰዎች ሁሉ በስም የተጻፉበት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የ1870ው ነው። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች የባሪያ ዝርዝር አለ፤ እዚያ ግን በስሙ የተጻፈው ጌታው ነው፣ ሰዎቹ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ለማለፍ የጌታውን ስም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የባለርስቱ ሐረግ ለእማማ የሚያስፈልጋቸውም እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ በኑዛዜና በጥሎሽ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ አማች ይተላለፉ ነበር፤ የጌቶቹን ጋብቻ ካላወቃችሁ ሰዎቹ ከአንዱ መዝገብ ይጠፉና የት እንደሄዱ አታውቁም።

የአባት ስም መመሳሰልን ማስረጃ አታድርጉት። ነጻ የወጣ ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ጌታውን ስም አልያዘም፤ ብዙዎች ቀድሞ የነበረውን ጌታ ስም፣ ሌሎች የራሳቸውን መርጠዋል።

ለካርተር ቤተሰብ ደግሞ በሌላው ዘንድ የማይገኝ ሰነድ አለ። የኖሚኒ ሆሉ ሮበርት፣ የኪንግ ካርተር የልጅ ልጅ፣ በኦገስት 1791 በጻፈው ሰነድ 452 ሰዎችን በየተራ ነጻ ለማውጣት ቃል ገባ፤ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና የሚሠሩበትን እርሻ ዘርዝሮ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት አንድ ሰው በዚያ መጠን ነጻ ያወጣ እንደሌለ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሰነዱ የቀረበው እሱ በሚኖርበት በዌስትሞርላንድ ካውንቲ ሳይሆን በኖርዘምበርላንድ ለተቀመጠው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው፣ ስለዚህ የካውንቲውን መዝገብ ብቻ የፈለገ ያልፈዋል። እርሻዎቹን በኮከብ ስም ነበር የሚጠራቸው፤ ደብተራ ኮከብ ሲቆጥር እንደምንሰማው ሐመል፣ ሰውር፣ አሰድ፣ ሚዛን እያለ። እማማ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፣ ከዚያ «የኔ ሰዎች በየትኛው ኮከብ ሥር ይሆኑ?» አሉ።

ዲኤንኤ

ከሁሉ በላይ የሚወራለት፣ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቅመው። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ የሚርቅ አያት በአማካይ ከደማችሁ 1/1024 ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ ምንም ያልደረሳችሁ ሊሆንም ይችላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚያልፈው የዋይ ክሮሞዞም ግን ዘመን አይሽረውም። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ከያዛት ከሳሊ ሄሚንግስ ልጅ ወልዶ እንደሆነ የመረመረው፣ በ1998 የታተመው ጥናት በዚያ ነው የሠራው። እሱም ቢሆን የተጠቀመው በጄፈርሰን አጎት ዘሮች ነው፣ የልጇ አባት ከጄፈርሰን ቤተሰብ ወንዶች አንዱ መሆኑን እንጂ የትኛው መሆኑን ብቻውን አልተናገረም፤ ቀሪውን የሞሉት ሰነዶች ናቸው። ወረቀቱን ከጨረሳችሁ በኋላ አድርጉት።

ካውንቲው ተቃጥሎ ከሆነ

እንደ ላንካስተር የታደለ ካውንቲ ጥቂት ነው። በኤፕሪል 1865 ሪችመንድ ስትቃጠል ካውንቲዎች ለጥበቃ ብለው የላኩት መዝገብ አብሮ ነደደ። የኒው ኬንት ፍርድ ቤት በ1787፣ የባኪንግሃም በ1869 ተቃጥሏል። የ1790 እና የ1800 ቆጠራም ለቨርጂኒያ ከሞላ ጎደል የለም። በዚህ ጊዜ ከ1782 ጀምሮ ያለውን የግብር ዝርዝር ያዙ። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የቻንስሪ ክሶችን (እንደ ውርስ ክርክር ያሉ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮችን) ማውጫም ፈትሹ፤ በርስት የተጣሉ ወንድማማቾች የጠፋውን ኑዛዜ ግልባጭ ከክሳቸው ጋር አያይዘው ይተዋሉ። ቤተሰብ መጣላቱ ለተመራማሪ በረከት ነው። ባለርስቱ እንግሊዝ ውስጥ ንብረት ከነበረው ደግሞ ኑዛዜው ለንደን ላይ ጸድቆ በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊገኝ ይችላል።

ባለሙያ መቅጠር

የተቃጠለ ካውንቲ ወይም የማይነበብ ጽሑፍ ካልገጠማችሁ በቀር አያስፈልግም። እኔ መጀመሪያ ላይ ከፍዬ ያገኘሁት በወርቅማ ወረቀት የታተመ ሐረግ ነበር፤ አንድም ገጽ፣ አንድም የመዝገብ ቁጥር የለውም። ከቀጠራችሁ ከመክፈላችሁ በፊት «የየገጹን ምስል ትሰጠኛለህ?» በሉት።

ለልጄ ጥያቄ አንድ ቅዳሜ በቂ ነበር፦ ጠዋት የኖርዘርን ኔክ ስጦታዎች፣ ከሰዓት በኋላ የ1726ቱ ኑዛዜ። የእማማ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በ1870 ቆጠራ ላይ የቅድመ አያታቸውን ቤት አግኝተናል። የአባት ስሙ ካርተር አይደለም። አሁን የምንፈልገው ከዚያ ቤት በላይና በታች የተቆጠሩትን ጎረቤቶች ነው፤ ነጻ ከወጡ ገና አምስት ዓመታቸው ስለነበር ከአንድ እርሻ የወጡ ሰዎች ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ስድስት ስም በፖስታ ጀርባ ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ሦስቱን በቃል ፍለጋው ሞክሬአለሁ፣ ሦስቱ ይቀራሉ።